«አዴኖይዱን አስወጡለት» ላሉት ወንድም

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዷ እንዲያውም «የልጅሽን ነገር አገኘሁልሽ፣ ቀላል ነው አሉ!» ብላ ነው የላከችው። ሻይ ቀድቼ ተቀመጥኩና አነበብኩት። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ጽሑፉ በአፍንጫቸው ስለሚናገሩ ልጆች ነው፤ በተለይ 22ኪው ከሚባለው የዘረመል ችግር ጋር ስለተወለዱት። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ ልጁ በአፍንጫው የሚናገረው አዴኖይዱ፣ ማለትም ከአፍንጫው ጀርባ ጉሮሮው ላይ ያለችው ሥጋ፣ አብጦ ነውና ይውጣለት። «እማማ» ብሎ ጥርት አድርጎ የሚጠራ ልጅ አፉ ጤነኛ ነው። አፉ ተከፍቶ ሲታይ ላንቃው ካልተሰነጠቀ ሌላ ምርመራ ወጪ ማብዛት ነው፤ የዘረመል ምርመራውም እንደዚያው። አዴኖይዱ ወጥቶ ካልተሻለው ደግሞ ጉሮሮ ላይ የሚሠራ ኦፕራሲዮን አለ፣ እሱን ሁለት ዓመት ላይ ቶሎ ማሠራት ነው። ከዚያ በኋላ ንግግሩ በራሱ ይቃናል፣ ስፒች ቴራፒስት (ንግግር የሚያስተምር ባለሙያ) ጋር መመላለስ አያስፈልግም፣ ቤት ውስጥ ፊኛ ቢነፋ ይበቃዋል። መጨረሻ ላይ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ልጁ ሊያንኮራፋ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ አለ።

ከዚህ ሁሉ ትክክሉ የመጨረሻው ብቻ ነው። እሱንም እመለስበታለሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ቨርጂኒያ የምኖር የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናት ነኝ። የማውቀውን ያወቅኩት ከልጄ ሐኪሞች ጋር ስጨቃጨቅ፣ ያልገባኝን ሦስት ጊዜ ስጠይቅ፣ ማታ ማታ ሳነብ ነው። ኦፕራሲዮን አታሠሩ ልል አልመጣሁም፤ ልጄ ተሠርቶለታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ረድቶታል። እኔ የምለው ኦፕራሲዮኑ መሀል ላይ ያለ ነገር ነው። ከፊቱ ብዙ ሥራ አለ፣ ከኋላውም ብዙ ሥራ አለ። ጽሑፉ ፊቱንም ኋላውንም ቆርጦ ጥሎ መሀሉን ብቻ ነው ያቀረበልን።

በአዴኖይዱ ልጀምር፤ እኛን ያቃጠለን እሱ ነዋ።

እኛ «በአፍንጫው ይናገራል» የምንለው ለሁለት ተቃራኒ ነገሮች ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው «እማማ» ሲል «እባባ» ይመስላል። አየሩ በአፍንጫ መውጣት ሲገባው ተዘግቶበታል። የልጄ ግን ግልባጩ ነበር። «አባባ» ሲል «አማማ» ይመስላል፣ «ዳቦ» ሲል «ናሞ»። በአፍ መውጣት ያለበት አየር በአፍንጫ ያመልጠዋል። የመጀመሪያው መንገድ ተዘግቶ ነው፤ ሁለተኛው በር አልዘጋ ብሎ ነው። ያበጠ አዴኖይድ የሚያመጣው የመጀመሪያውን ነው። ጸሐፊው የመጀመሪያውን መድኃኒት ለሁለተኛው አዘዙልን።

በሩ የቱ ነው ካላችሁ፣ እንጥል የተንጠለጠለበት ለስላሳው ላንቃ ነው። «በ» ወይም «ደ» ወይም «ሰ» ስንል ይሄ ሥጋ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይነሣና ከጉሮሮው የኋላ ግድግዳ ጋር ይገጥማል፣ የጎኖቹም ግድግዳዎች ወደ መሀል ይጠጋሉ፣ አየሩ በአፍ ብቻ ይወጣል። 22ኪው ያለባቸው ልጆች ላይ ይህ በር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ላንቃው ያጥራል፣ ወይም ከውስጥ ጡንቻው በትክክል አልተያያዘም። የጉሮሮ ጡንቻዎቻቸው ልፍስፍስ ይላሉ። የራስ ቅላቸው ሥር ከሌላው ሰው ዘርጋ ያለ ስለሆነ የኋላው ግድግዳ ራሱ ይርቃል። አዴኖይዳቸውም ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። አብጧል የተባለው እኮ ትንሽ ነው!

አዴኖይዱ የተቀመጠው ደግሞ ልክ በሩ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ነው። ላንቃው ያጠረ ልጅ በሩን የሚዘጋው እዚያች እብጠት ላይ ተደግፎ ነው። እሷን ማውጣት መቃኑን ነቅሎ በሩ እንዲዘጋ መጠበቅ ነው።

ልጄ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆን ጆሮውን እየደጋገመ ያመው ነበር። አንድ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ጆሮው ውስጥ ትናንሽ ቱቦ እናስገባ አሉ፣ እሺ አልን። በዚያው አዴኖይዱንም እናውጣው አሉ፣ እሺ አልን። ሲወለድ ልቡ ላይ ቀዳዳ እንደነበረው ፋይሉ ላይ ተጽፏል። ሕፃን እያለ ወተት በአፍንጫው ይመለስ እንደነበር እኔው ተናግሬያለሁ። ማንም አንዱን ከአንዱ አላገናኘውም፤ ማንም ላንቃውን በጣት አልዳሰሰም። ከዚያ በፊት እኔና አባቱ ከሚናገረው ግማሹን እንሰማው ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ እየገመትኩ መመለስ ጀመርኩ። ከአዲስ አበባ አያቱ በስልክ «ምን አለ?» ትለኛለች፣ እኔም «ሰላም ነሽ ወይ ነው የሚልሽ» እያልኩ አስተረጉማለሁ፤ አማርኛን ወደ አማርኛ።

አዴኖይድ ሲወጣ ለጥቂት ሳምንታት ድምፅ በአፍንጫ መውጣቱ በጤነኛም ልጅ ያጋጥማል። ጠብቁ አሉን፣ ጠበቅን። ስምንት ወር ጠበቅን።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እርስዎ ይውጣለት ያሉት ነገር የልጄን ሁለት ዓመት በልቷል። ላንቃው ችግር ያለበት ልጅ፣ ወይም 22ኪው ያለበት ልጅ፣ አዴኖይዱ እንዲህ በዋዛ አይነካም። የግድ መነካት ያለበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ ሌሊት ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ። ያኔም ቢሆን የላይኛውን ክፍል ብቻ አውጥቶ ላንቃው የሚደገፍበትን የታችኛውን መተው የሚባል አሠራር አለ። ይህን የሚወስነው የትንፋሹንም የንግግሩንም ነገር የሚያውቅ ሐኪም ነው።

ወደ «እማማ» ልለፍ። ይቺ እንኳ አስቃኛለች። «መ»፣ «ነ» እና «ኘ» ድሮውንም በአፍንጫ የሚወጡ ድምፆች ናቸው። በሩ ቢከፈትም ቢገነጠልም ጥርት ብለው ይወጣሉ። ልጄ የሚወዳቸው ቃላት «እማ»፣ «ነይ» እና «እኔ» ነበሩ። አክስቱ «ይሄ ልጅ ካንቺ ሌላ ሰው አያውቅም» ትለኝ ነበር። ለካ የሚቻለውን ነው የሚናገረው።

ቤት ውስጥ መሞከር የፈለገ ልጁን «አባባ ዳቦ በሉ» ያስብለው። አንድም የአፍንጫ ድምፅ የለበትም። ሲናገር ትንሽ መስታወት ከአፍንጫው ሥር ይያዝለት። ጉም ከያዘ አየር እያመለጠ ነው። ወይም ያንኑ እንደገና እያለ አፍንጫውን ቆንጠጥ ያድርጉት፤ ድምፁ ከተለወጠ እንደዚያው ነው። ይሄ ምርመራ አይደለም፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ አፋችሁን ሞልታችሁ እንድትናገሩ ብቻ ነው።

«ላንቃው ካልተሰነጠቀ» የሚለው ነጥብ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል፣ ሐኪምም ያሳስታል። ላንቃ ከውስጥ ተሰንጥቆ ከላይ ቆዳው ሊሸፍነው ይችላል። አፉን ከፍታችሁ በባትሪ ስታዩት ደህና ነው። ጡንቻው ግን መሀል ላይ መገናኘት ሲገባው አልተገናኘም። ምልክቶች አሉት፦ እንጥሉ ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ይሆናል፤ መሀል ለመሀል ሳሳ ያለ፣ ሰማያዊ ወይም አመድማ መስመር ይታያል፤ የጠንካራው ላንቃ አጥንት መጨረሻው ላይ በጣት ሲዳሰስ የጎደለ ነገር አለው። እነዚህም ሳይኖሩ ችግሩ ሊኖር ይችላል፤ ያኔ የሚታየው በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ከላይ ሲታይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችን ጉድ አለ። በኋላ ያገኘናት ሐኪም የልጄን እንጥል አይታ ለሁለት የተከፈለ መሆኑን አሳየችኝና «እስኪ የአንቺን ልየው» አለች። አፌን ከፈትኩ። ዝም አለች። እንጥል የለኝማ! በልጅነቴ፣ ገና ሳልናገር፣ እንጥሏ ወረደ ተብሎ አንድ አዋቂ በቆረጠው ነው ያደግኩት። ባሌም የለውም። ከእኛ አገር ስንቱ እንጥል አለው? ደም መፍሰሱና መመረዙ እንዳለ ሆኖ፣ ያቺ የተከፈለች እንጥል ለብዙ ልጅ ብቸኛዋ ከውጭ የምትታይ ምልክት ነች። ቆርጠን ጣልናት ማለት የበሩን ደወል ነቀልን ማለት ነው። ዛሬም በክረምት ልጆቻቸውን አገር ቤት ወስደው የሚያስቆርጡ ሰዎች አውቃለሁ። ተዉ እባካችሁ።

አገር ቤት ስል ደግሞ፣ የተሰነጠቀ ከንፈርና ላንቃ በነፃ የሚሠራበት ዕድል አለ። ስማይል ትሬይን የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚደግፋቸው ሆስፒታሎች አሉ፣ የካቲት 12 አንዱ ነው። ግን እዚያ የሚወሰደው የሚታየው ስንጥቅ ነው። ከቆዳ ሥር ያለውን ማን ይወስደዋል? «ልጁ ሰነፍ ነው፣ ምላሱ ተሳስሯል» ተብሎ ቤት ይቀራል።

የዘረመል ምርመራው ነገር። «ብታውቀው ምን ትቀይራለህ?» ይላሉ ጸሐፊው። ብዙ!

መጀመሪያ ስሙን እንጥራ። ከ22ኛው ክሮሞዞም አንዲት ትንሽ ክፋይ ትጎድላለች፤ የቦታዋ ስም 22ኪው11.2 ነው። ከ4,000 ልጆች አንዱ ገደማ ይኖርበታል ሲባል ኖሯል፤ የቅርብ ጊዜ ግምቶች ከዚያም ይበልጣል ይላሉ። ችግሩ በተለያየ ስም ሲጠራ ነው የኖረው። በፈረንጆቹ 1955 ፕራግ ውስጥ ሴድላችኮቫ የምትባል የድምፅና የንግግር ሐኪም በአፍንጫቸው የሚናገሩና ፊታቸው የሚመሳሰል ልጆችን ለይታ ጻፈች። በ1965 ዲጆርጅ የሚባል ሐኪም በበሽታ መከላከልና በካልሲየም በኩል ደረሰበት። በ1978 ሽፕሪንትዘን የሚባል ተመራማሪ ላንቃን፣ ልብንና ፊትን አንድ ላይ አድርጎ ገለጸው። የሁሉም ሥር ያቺው የጎደለች ክፋይ መሆኗ የታወቀው በ1990ዎቹ ነው። ልብ በሉ፣ ከሁሉ ቀድማ የጻፈችው ንግግራቸውን የሰማችው ሐኪም ናት። ጆሮዋን አምና። እኛ ዘንድ ደግሞ ንግግሩ መጨረሻ ላይ የሚነሣ ነገር ነው።

አሁን ምን ይቀይራል ለሚለው። ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች የልብ ችግር አለባቸው፤ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ማወቅ አለበት። ካልሲየማቸው ይወርዳል፣ በተለይ ሰውነት ሲጨነቅ፣ ኦፕራሲዮንም ጭንቀት ነው፤ የወረደ ካልሲየም ያንዘፈዝፋል። የመከላከል አቅማቸው በጣም የተዳከመ ከሆነ ደም ሲሰጣቸው ደሙ በጨረር የታከመ መሆን ይኖርበታል። እና እኔን እንቅልፍ የነሣኝ አንድ ነገር አለ። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ትልልቆቹ የአንገት የደም ቧንቧዎች በአንዳንዶቹ ልጆች ከጎን ተነሥተው ወደ መሀል፣ ልክ ሐኪሙ ቢላ ወደሚያሳርፍበት የጉሮሮ ግድግዳ ይጠጋሉ። በካሜራ ሲታይ ግድግዳው ላይ ሲመታ ይታያል፤ ብዙ ሐኪሞች ከኦፕራሲዮኑ በፊት በኤምአርአይ ወይም በሌላ ምስል ማየት ይፈልጋሉ። 22ኪው መሆኑን ያላወቀ ሐኪም ግን ይህን ከመጀመሪያው ምን ብሎ ይጠረጥራል? እርስዎ ገንዘብ ማባከን ያሉት ይህንን ነው።

ሌላም አለ፣ ለእናቶች። ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ከእናትም ከአባትም የተወረሰ አይደለም፤ አዲስ የመጣ ነው። እኔ ላይ እንኳ ምን ያልተባለ አለ! ነፍሰ ጡር ሆኜ ቡና አብዝቼ ነው፣ ቡዳ በልቶት ነው፣ ባሌ ምናምን በልቶ ነው። የእኔና የአባቱ ደም ታይቶ ነፃ ሲባል አንድ ትልቅ ድንጋይ ከላዬ ወረደ። በአንጻሩ ልጄ አድጎ ሲወልድ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ይህንንም ማወቁ መብቱ ነው።

አሁን ዋናው። «አንድ ኦፕራሲዮን አለ፣ በሁለት ዓመቱ ይሠራ።»

ኦፕራሲዮኑ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የሚመረጠውም ቀዳዳው ምን ያህል እንደሆነና ምን ምን እንደሚንቀሳቀስ ታይቶ ነው። ያን ለማየት ልጁ መናገር አለበት፤ ካሜራው በአፍንጫው ገብቶ እያለ፣ ወይም የኤክስሬይ ቪዲዮው እየተነሣ፣ የተባለውን ዓረፍተ ነገር መድገም አለበት። የሁለት ዓመት ልጅ ይህን ያደርጋል? የ22ኪው ልጆች ደግሞ ንግግር የሚጀምሩት ዘግይተው ነው፤ የእኔው በሁለት ዓመቱ ሦስት ቃል ነበረው። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ውስጥ የሚሠራው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ፣ እዚህ ግን የሚለቀመው የልጅ ጉሮሮ ነው። እስከዚያ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በምልክት፣ በሥዕል፣ በቻለው ቃል እንዲግባባ ይሠራል።

የካሜራው ቀን ትዝ ይለኛል። አምስት ዓመቱ ነበር። የሚያደነዝዝ ነገር አፍንጫው ውስጥ ነፉለት፣ አባቱ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያዘው፣ እኔ ቸኮላት ይዤ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ቴራፒስቷ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀቻቸውን ዓረፍተ ነገሮች አልናገርም ብሎ ቀረ። እኔ «አባባ ዳቦ በሉ በል» አልኩት። አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ አለ። ስክሪኑ ላይ ላንቃው ተነሥቶ መንገድ ላይ ሲቀር፣ የጎን ግድግዳዎቹ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ አየን። ትልቅ ጥቁር ቀዳዳ። በዚያች ደቂቃ ነው ስንት ዓመት ሙሉ «በደንብ ተናገር!» ስለው የኖርኩት ነገር የገባኝ።

ከዚህ በኋላ ነው ምርጫ የሚመጣው። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነና ላንቃው ከቆዳ ሥር የተሰነጠቀ ከሆነ ፈርሎው በሚባለው ሐኪም ስም የሚጠራ አሠራር አለ፤ ላንቃውን በዜድ ቅርጽ ቆርጦ እያቀያየረ ይሰፋል፣ ጡንቻው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ላንቃውም ይረዝማል። ሌላው ፍላፕ የሚሉት ነው፦ ከጉሮሮው የኋላ ግድግዳ አንድ ቁራጭ ሥጋ ሥሩ ሳይነቀል ተነሥቶ ከላንቃው ጋር ይሰፋል፤ መሀሉ እንደ ድልድይ ይዘጋና ግራና ቀኙ ለመተንፈሻ ክፍት ይቀራል። ስንናገር የጎን ግድግዳዎቹ ገብተው እነዚያን ሁለት ክፍት ቦታዎች ይዘጋሉ። ሦስተኛው ደግሞ ከቶንሲል ጀርባ ካሉት ዓምዶች ግራና ቀኝ ሥጋ ወስዶ ከኋላ እያደራረቡ ቀለበት የሚመስል ነገር መሥራት ነው። ለጥቂት ክፍተት ስብ በመርፌ የሚሞላበትም አለ። ኦፕራሲዮን ለማይችል ልጅ አፉ ውስጥ የሚገባ፣ ቀዳዳውን የሚሞላ ወይም ላንቃውን የሚያነሣ ፕላስቲክ ይሠራለታል።

የፍላፑን አሠራር ልብ ካላችሁ ለ22ኪው ልጅ ለምን ከባድ እንደሆነ ይገባችኋል። የጎን ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ ክፍት ቦታዎቹን የሚዘጋቸው የለም። ስለዚህ ሐኪሙ ፍላፑን ሰፋ ያደርገዋል። ሰፋ ባደረገው መጠን ንግግሩ ይሻላል፣ ትንፋሹ ግን ይጠባል። ሐኪሙ ሲያስረዳን አንሶላ ነው ያለን፦ ወደ ራስ ስትስበው እግር ይራቆታል። የሚሠራው ሰው ልምድ እዚህ ላይ ነው ዋጋው። ቶንሲሉ ትልቅ ከሆነም ፍላፑ ከመሠራቱ በፊት ቀድሞ መውጣት ሊኖርበት ይችላል፤ ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ኦፕራሲዮንና ራሱን የቻለ የማገገሚያ ጊዜ ነው። ጽሑፉ ላይ ይሄ ሁሉ «ቀላል» በሚለው ቃል ታልፏል።

ሐቁን ልናገርና፣ ውጤቱ የ22ኪው ልጆች ላይ ይህ ችግር ከሌለባቸው ልጆች ዝቅ ይላል፣ ሁለተኛ ኦፕራሲዮንም ብርቅ አይደለም። የእኛ እስካሁን በአንድ ቆሟል። መጠበቂያ ክፍል የተዋወቅኳት እናት ልጇን ሁለተኛ አሠርታለች። ይህን አስቀድሞ የነገረን ሐኪም ነው እምነቴን ያገኘው። «አንዴ ነው፣ ያልቃል» ያለን ደግሞ ተመልሰን አልሄድንበትም።

«ከዚያ በኋላ ንግግሩ በራሱ ይቃናል» ለሚለው። አይቃናም። ልጁ ያን ሁሉ ዓመት ዝም አላለም፣ ዘዴ ፈጥሯል። አየሩ አፉ ውስጥ አልጠራቀም ሲለው ወደ ታች ወርዶ ጉሮሮው ላይ ዘግቶ ማፈንዳት ለምዷል። «ቡና» ሲል «ኡና»፣ በጉሮሮ። «ከበደ» ሲል ሦስቱም ፊደል ጉሮሮ ላይ። ኦፕራሲዮኑ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ልማዱን አይዘጋም። ምላሱ የት መሄድ እንዳለበት ማንም አልነገረውም። ያ የስፒች ቴራፒስት ሥራ ነው፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊትም በኋላም። የድምፁን አፍንጫነት ቴራፒ ብቻውን አያጠፋውም፣ የቃሉን አወጣጥ ደግሞ ኦፕራሲዮን አያስተምረውም። ሁለት የተለያየ ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ፣ አማርኛ ለሚናገር ልጅ አንድ ጣጣ አለ። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እኛ ራሳችን ጉሮሮ ዘግተን የምናፈነዳቸው ናቸው። የልጄ ቴራፒስት እንግሊዝኛ ብቻ ነው የምታውቀው። አንድ ቀን «ቆሎ» ሲል ሰማችውና ይህ የተሳሳተ ልማድ ነው ወይስ ቋንቋችሁ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ቋንቋችን ነው፣ ግን እሱ «ኮሎ»ንም እንደዚያው ነው የሚለው አልኳት። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ቃላት ዝርዝር ይዤ ነው የምሄደው። ውጭ አገር ያላችሁ ይህን ለቴራፒስታችሁ ንገሩ፤ ካልነገራችሁ ወይ ትክክለኛውን ድምፅ ታርመዋለች፣ ወይ ስህተቱን ቋንቋ ነው ብላ ታልፈዋለች። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ሦስት ዓመት ከሞላው ጀምሮ መብቱ የሆነ ልጅ በሕዝብ ትምህርት ቤት በኩል ቴራፒውን በነፃ ያገኛል። ጠይቁ፣ በጽሑፍ ጠይቁ።

ፊኛውስ? ፊኛ ለልደት ነው። መንፋትና መናገር ላንቃን የሚያንቀሳቅሱት በተለያየ መንገድ ነው፤ ሺህ ፊኛ የነፋ ልጅ «በ» ማለት አይማርም። ቀዳዳ ያለበት ልጅ ደግሞ መጀመሪያውኑ ፊኛው አይነፋለትም፣ አየሩ በአፍንጫው ይወጣል። ባሌ አንድ ሰሞን አንድ ፓኬት ገዝቶ መጣ። ልጁ ሁለቱን ሞክሮ ማልቀስ ጀመረ።

ማንኮራፋቱ ላይ እንስማማለን። እንዲያውም ጸሐፊው ካሉት በላይ ነው። ፍላፕ የተሠራለት ልጅ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ላይ ጉሮሮው ስለሚያብጥ ትንፋሹ በቅርብ መጠበቅ አለበት፤ እኛ ሁለት ሌሊት ሆስፒታል ነው ያደርነው፣ እኔ አንዱንም አልተኛሁም። እብጠቱ ሲጎድል ብዙው ይሻለዋል። ካልተሻለውና በእንቅልፉ ትንፋሹ እየተቋረጠ ከሆነ ግን «ተጽፎ ነበር፣ ያንኮራፋል» ብሎ መተው አይሆንም። የእንቅልፍ ምርመራ አለ፣ ሌሊት በጭምብል አየር የሚገፋ ማሽን አለ፣ አንዳንዴም ፍላፑ ተስተካክሎ ወይም ፈርሶ እንደገና ይታሰባል። ልጁ ጠዋት ራሱን ካመመው፣ ክፍል ውስጥ ካንቀላፋ፣ ሌሊት እያላበው ከተገለባበጠ ተናገሩ። የእኛ ሁለተኛው የእንቅልፍ ምርመራ በሚቀጥለው ወር ነው።

ወንድሜ፣ ጽሑፍዎን ያንሡት አልልም። በአማርኛ ስለዚህ ነገር የጻፈ ሰው ብዙ አላየሁም፣ መጻፍዎ በራሱ ደስ ብሎኛል። ፊኛው እንዳለ ይቆይ፣ «እማማ»ም ትቆይ፣ ማንንም አይገድልም። የአዴኖይዱን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውጡልኝ። በቦታው «በአፍንጫው ይናገራል የተባለ ልጅ ላንቃው ሳይታይና ሳይዳሰስ አዴኖይዱ አይነካ» የሚል አንድ መስመር ይግባ። የላከችልኝ ጓደኛዬ የእህቷ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ አለው።